የአርሲ ሁለት የጠለፋ ጉዳዮችና የመንግሥት ሕገ መንግሥታዊ ግዴታ

በኦሮሚያ ክልል አርሲ ዞን እ.ኤ.አ በ1996 እና በ2001 የተፈጸሙ ሁለት የጠለፋ ወንጀሎች ያስከተሉት የፍርድ ቤት ክርክር፣ በኢትዮጵያ የሴቶችን ሕገ መንግሥታዊ መብት ተግባራዊ በማድረግ ረገድ ጉልህ ስፍራ ከሚሰጣቸው ጉዳዮች መካከል ይገኛል። የመጀመሪያው በተከሳሿ ነጻ መውጣት ተጠናቋል። ሁለተኛው በአገር ውስጥ ፍርድ ቤቶች መፍትሔ ሳያገኝ ቀርቶ እስከ አፍሪካ የሰብዓዊና የሕዝቦች መብቶች ኮሚሽን ደርሷል።

ሁለቱ ጉዳዮች በአንድነት ሲታዩ የሚያስገነዝቡት ዋና ነጥብ፣ መንግሥት ተጠያቂ የሚሆነው ባለሥልጣናቱ በሠሩት ጥፋት ብቻ ሳይሆን ሊሠሩት ሲገባ ባልሠሩትም ጭምር መሆኑን ነው። ከዚህም በላይ አንድ ትክክለኛ ፍርድ የአንዲትን ዜጋ ነጻነት ሊያስከብር ቢችልም፣ የሁሉም መብት የሚሆነው ሕግ አውጪው፣ ሕግ ተርጓሚውና ሕግ አስፈጻሚው በየፊናቸው ሲከተሉት ብቻ መሆኑን ያሳያሉ።

አርሲና የፍርድ ቤቶቹ መዋቅር

የአርሲ ዞን ዋና ከተማ አሰላ ከአዲስ አበባ በስተደቡብ ምሥራቅ 175 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ በጭላሎ ተራራ ግርጌ የምትገኝ ከተማ ናት። ዞኑ በስንዴና በገብስ ምርቱ እንዲሁም የኢትዮጵያን ሰንደቅ ዓላማ በዓለም አደባባይ ባውለበለቡ አትሌቶቹ ይታወቃል።

በኢትዮጵያ ፌዴራላዊ ዴሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 78 መሠረት ክልሎች የራሳቸው የመጀመሪያ ደረጃ፣ ከፍተኛና ጠቅላይ ፍርድ ቤቶች አሏቸው። በኦሮሚያ ክልል የመጀመሪያ ደረጃ የዳኝነት ሥልጣን በወረዳ ፍርድ ቤቶች ይሠራበታል። በወረዳ ፍርድ ቤት ውሳኔ ቅር የተሰኘ ወገን ይግባኙን በዞን ደረጃ ለተቋቋመው ከፍተኛ ፍርድ ቤት ያቀርባል። ከዚያም ጉዳዩ ወደ ክልሉ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሊሄድ ይችላል። መሠረታዊ የሕግ ስሕተት አለ የሚል ወገን ደግሞ እስከ ፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት ድረስ አቤቱታውን ሊያቀርብ ይችላል። ከዚህ በታች የሚቀርበው ሁለተኛው ጉዳይ በእነዚህ ደረጃዎች ሁሉ ያለፈ ነው።

ጠለፋ በአርሲም ሆነ በሌሎች የአገሪቱ አካባቢዎች ለረጅም ዘመን እንደ አንድ የጋብቻ መንገድ ሲቆጠር መኖሩ ይታወቃል። ይሁን እንጂ የአርሲ ኦሮሞ ባህል የሴትን ልጅ ክብር የሚያስጠብቅ ሥርዓትም አለው። እናት ለምትዳር ልጇ የምትሰጣት ሲንቄ የተሰኘች በትር የዚህ ክብር ምልክት ናት። መብቷ የተነካባት ሴት ሲንቄዋን ይዛ ስትወጣ የአካባቢው ሴቶች ከጎኗ የመቆም ልማድ አላቸው። በመሆኑም ጠለፋን «ባህል ነው» በሚል ማለፍ የአካባቢውን ባህል በከፊል ብቻ መመልከት ይሆናል።

በሥራ ላይ የነበረው ሕግ

ሁለቱም ወንጀሎች በተፈጸሙበት ወቅት በሥራ ላይ የነበረው በ1949 ዓ.ም የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ነበር። ይህ ሕግ ጠለፋን በወንጀልነት የፈረጀ ቢሆንም ለድርጊቱ ያስቀመጠው ቅጣት ከ3 ዓመት ጽኑ እስራት የማይበልጥ ነበር። ከዚህም በላይ በአንቀጽ 558 እና 599 ተጠላፊዋ ወይም የተደፈረችው ሴት ከአድራጊው ጋር በፈቃዷ ጋብቻ ከፈጸመችና ጋብቻው በሕግ ካልፈረሰ ክስ እንዳይቀርብ ይደነግግ ነበር።

ድንጋጌው «በፈቃዷ» የሚል ቃል ያለበት ቢሆንም፣ በተግባር ግን ለጠላፊው ከቅጣት ማምለጫ መንገድ ከፍቶለታል። ጠላፊው ልጅቷን በቁጥጥሩ ሥር አድርጎ የጋብቻ ውል ካስፈረማት፣ ሽማግሌ ልኮም ቤተሰቧን ካስታረቀ፣ ወንጀሉ ወደ ጋብቻ ይለወጥለት ነበር። በ1952 ዓ.ም የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግም የሴት ልጅ የጋብቻ ዕድሜ 15 ዓመት እንዲሆን ወስኖ ቆይቷል።

ኅዳር 29 ቀን 1987 ዓ.ም ጸድቆ ከነሐሴ 15 ቀን 1987 ዓ.ም ጀምሮ በሥራ ላይ የዋለው ሕገ መንግሥት ከእነዚህ ድንጋጌዎች ጋር የማይጣጣሙ መርሆዎችን አስፍሯል። አንቀጽ 16 ማንኛውም ሰው በአካሉ ላይ ጉዳት እንዳይደርስበት የመጠበቅ መብት እንዳለው ይደነግጋል። አንቀጽ 34 ጋብቻ በተጋቢዎቹ ነጻና ሙሉ ፈቃድ ላይ ብቻ እንደሚመሠረት ያስቀምጣል። አንቀጽ 35 መንግሥት ሴቶችን ከጎጂ ባህል ተጽዕኖ የማላቀቅ ግዴታ እንዳለበት ያመለክታል። አንቀጽ 9 ደግሞ ከሕገ መንግሥቱ ጋር የሚቃረን ሕግ፣ ልማዳዊ አሠራር ወይም የባለሥልጣን ውሳኔ ተፈጻሚነት እንደማይኖረው ይገልጻል። ያም ሆኖ የወንጀለኛ መቅጫ ሕጉ ድንጋጌዎች ለቀጣዮቹ አሥር ዓመታት ያህል አልተነኩም።

የመጀመሪያው ጉዳይ

እ.ኤ.አ በ1996 በአርሲ አንዲት የ14 ዓመት ተማሪ ከትምህርት ቤት ወደ ቤቷ ስትመለስ በፈረሰኞች ተጠለፈች። ጠላፊው አስገድዶ ከደፈራት በኋላ የጦር መሣሪያውን ይዛ ለማምለጥ ሞከረች። ሊይዟት ሲከተሏት ተኩሳ ጠላፊዋን ገደለች። ልጅቷም በነፍስ ግድያ ወንጀል ተከሰሰች።

በዚያን ወቅት ከተቋቋመ አንድ ዓመት ያህል የሆነውና በወይዘሮ መዓዛ አሸናፊ ይመራ የነበረው የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ለተከሳሿ ጥብቅና ቆመላት። የክርክሩ ፍሬ ነገር ልጅቷ መግደሏ ወይም አለመግደሏ አልነበረም። የተነሳው ጥያቄ ድርጊቱ በሕጋዊ መከላከል ሊሸፈን ይችላል ወይስ አይችልም የሚል ነበር። በወቅቱ የነበረው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ አንቀጽ 74 ራስን ወይም ሌላን ሰው ከሕገ ወጥና ድንገተኛ ጥቃት ለማዳን የሚፈጸም ድርጊት እንደማያስቀጣ ይደነግጋል። ለዚህም ጥቃቱ ሕገ ወጥ መሆኑና ከጥቃቱ ለማምለጥ ሌላ መንገድ አለመኖሩ መረጋገጥ ነበረበት።

ጠለፋ እንደ ጋብቻ መንገድ በሚታይበት አካባቢ «ጥቃቱ ሕገ ወጥ ነው» ማለት ቀላል አልነበረም። የሟች ወገኖች ለማግባት የመጣ ሰው እንደተገደለባቸው ያምኑ ነበር። ፍርድ ቤቱ ግን ለሁለት ዓመት ያህል ከቆየ ክርክር በኋላ ተከሳሿ ራሷን በመከላከል የፈጸመችው ድርጊት ነው በማለት በነጻ አሰናብቷታል። በዚህም ልማድ የጋብቻ መንገድ ይለው የነበረው ድርጊት በሕግ ፊት ሕገ ወጥ ጥቃት ሆኖ ተመዝግቧል።

ፍርዱ ልጅቷን ከእስር ቢያድናትም ወደ ቀድሞ ሕይወቷ አልመለሳትም። ነጻ ከወጣች በኋላም ለዓመታት ከቀዬዋ ርቃ ለመኖር ተገድዳለች። ጉዳዩ ኋላ ላይ በዳይሬክተር ዘረሰናይ ብርሃነ መሐሪ «ድፍረት» በሚል ርእስ በፊልም ተሠርቶ እ.ኤ.አ በ2014 ለዓለም አቀፍ ተመልካች ቀርቧል።

ከሕግ አንጻር ሲታይ የፍርዱ ውጤት ውስን ነበር። በዚያን ጊዜ ይህን የመሰለ ውሳኔ ሌሎች ፍርድ ቤቶችን የሚያስገድድበት ሥርዓት አልነበረም። የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት አምስትና ከዚያ በላይ ዳኞች ተሰይመው የሚሰጡት የሕግ ትርጉም በየትኛውም ደረጃ በሚገኙ ፍርድ ቤቶች ላይ አስገዳጅ የሆነው በ1997 ዓ.ም በወጣው አዋጅ ቁጥር 454/1997 ነው። በተጨማሪም ጠላፊን ከክስ የሚያድነው አንቀጽ 599 ፍርዱ ከተሰጠ በኋላም በነበረበት ቀጥሏል።

ሁለተኛው ጉዳይ

በመጋቢት ወር 1993 ዓ.ም በአርሲ ዞን አንዲት የ13 ዓመት ልጅ በአንድ ግለሰብና በግብረ አበሮቹ ተጠልፋ ተደፈረች። ጉዳዩ ለፖሊስ ከተነገረ በኋላ ልጅቷ ከተወሰደችበት ነጻ ወጣች። ተጠርጣሪውም ተያዘ። ይሁን እንጂ ተጠርጣሪው በዋስትና ከተለቀቀ በኋላ ልጅቷን ዳግመኛ ጠልፎ ለአንድ ወር ያህል ደብቆ አቆያት። በዚህ ጊዜ ውስጥ የጋብቻ ውል እንድትፈርም ተገዳለች። በመጨረሻም አምልጣ ወደ ፖሊስ ጣቢያ ደርሳለች።

የጉና ወረዳ ፍርድ ቤት በሐምሌ ወር 1995 ዓ.ም በሰጠው ውሳኔ ዋናውን ተከሳሽ በ10 ዓመት፣ አራቱን ግብረ አበሮች ደግሞ እያንዳንዳቸውን በ8 ዓመት እስራት እንዲቀጡ ወሰነ። የጋብቻ ውሉ ለተከሳሹ ከለላ አልሆነውም። ከጠላፊው ጋር የተባበሩ ግብረ አበሮች መቀጣታቸውም ውሳኔውን ልዩ አድርጎታል።

ከአራት ወራት በኋላ፣ በኅዳር ወር 1996 ዓ.ም፣ የአርሲ ዞን ከፍተኛ ፍርድ ቤት በይግባኝ ጉዳዩን ተመልክቶ የወረዳውን ፍርድ ሻረ። ለዚህም የቀረበው ማስረጃ ድርጊቱ በልጅቷ ስምምነት እንደተፈጸመ ያመለክታል የሚል ምክንያት ተሰጥቷል። አምስቱም ሰዎች ተለቀቁ። ከዚህ በኋላ ለክልሉ ጠቅላይ ፍርድ ቤትና እስከ ፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት ድረስ የቀረቡት አቤቱታዎች ተቀባይነት ሳያገኙ ቀርተዋል።

የአፍሪካ ኮሚሽን ውሳኔ

የአገር ውስጥ የፍትሕ አማራጮች ከተሟጠጡ በኋላ ኢኳሊቲ ናው የተሰኘው ዓለም አቀፍ ድርጅትና የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር እ.ኤ.አ በ2007 ጉዳዩን ለአፍሪካ የሰብዓዊና የሕዝቦች መብቶች ኮሚሽን አቀረቡ። አቤቱታው ቁጥር 341/2007 ተሰጥቶታል። ኢትዮጵያ የአፍሪካ የሰብዓዊና የሕዝቦች መብቶች ቻርተርን እ.ኤ.አ በ1998 የተቀበለች በመሆኗና በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 9 መሠረት የጸደቁ ዓለም አቀፍ ስምምነቶች የአገሪቱ ሕግ አካል በመሆናቸው፣ ክርክሩ የተመሠረተው ለኢትዮጵያ ባዕድ ባልሆነ ሕግ ላይ ነበር።

ኮሚሽኑ እ.ኤ.አ በኖቬምበር 2015 ባካሄደው 57ኛ መደበኛ ጉባኤ በሰጠው ውሳኔ የተበዳይዋ የአካል ደኅንነት፣ የሰብዓዊ ክብር፣ የነጻነት፣ የሕግ ጥበቃ የማግኘትና ጉዳዩዋን የማሰማት መብቶች መጣሳቸውን አረጋግጧል። መንግሥት ለተበዳይዋ 150 ሺህ የአሜሪካ ዶላር ካሳ እንዲከፍል፣ በጠለፋና በአስገድዶ መድፈር የሚፈጸም ጋብቻን ለማስቀረት ተከታታይ እርምጃ እንዲወስድና የፍትሕ አካላትን በሴቶች ላይ የሚፈጸም ጥቃት አያያዝ ላይ እንዲያሠለጥን ጠይቋል።

የውሳኔው ዋና ቁም ነገር ጠላፊው የመንግሥት ሠራተኛ ባይሆንም መንግሥት ተጠያቂ መሆኑ ነው። ጠለፋ በስፋት የሚፈጸም መሆኑ በሚታወቅበት አካባቢ መንግሥት አስቀድሞ የመከላከል፣ አደጋው ሲደርስ የማስጣል፣ ከዚያም አጥፊውን የመቅጣትና ተበዳይዋን የመካስ ግዴታ አለበት። ከእነዚህ አንዱ ሲጓደል የሚጎድለው ሕገ መንግሥታዊ መብት ነው።

የወንጀልና የቤተሰብ ሕጎች መሻሻል

በእነዚህ ዓመታት የአገሪቱ ሕጎች ተለውጠዋል። በአዋጅ ቁጥር 213/1992 የወጣው የተሻሻለው የፌዴራል የቤተሰብ ሕግ የጋብቻ ዕድሜን ለሁለቱም ጾታዎች 18 ዓመት አድርጎታል። የኦሮሚያ ክልል የቤተሰብ ሕግም በአዋጅ ቁጥር 69/1995 ወጥቷል።

ከግንቦት 1 ቀን 1997 ዓ.ም ጀምሮ በሥራ ላይ የዋለው በአዋጅ ቁጥር 414/1996 የወጣው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 587 ጠለፋ ከ3 እስከ 10 ዓመት በሚደርስ ጽኑ እስራት እንደሚያስቀጣ ይደነግጋል። ከጠለፋው ጋር መድፈር ከተፈጸመ በአስገድዶ መድፈር ድንጋጌም ይጠየቃል። የዚሁ አንቀጽ ንዑስ ቁጥር 3 ከጠለፋው በኋላ የሚፈጸም ጋብቻ የወንጀል ተጠያቂነትን እንደማያስቀር በግልጽ አስቀምጧል። አንቀጽ 620 አስገድዶ መድፈርን ከ5 እስከ 15 ዓመት፣ ተበዳይዋ ከ13 እስከ 18 ዓመት ስትሆን ደግሞ ከ5 እስከ 20 ዓመት በሚደርስ ጽኑ እስራት ያስቀጣል። አንቀጽ 648 ያለዕድሜ ጋብቻን ራሱን የቻለ ወንጀል አድርጎታል።

ተመሳሳይ ለውጥ በሌሎች አገሮችም ብዙ ጊዜ የወሰደ ነበር። በጣሊያን ሲሲሊ እ.ኤ.አ በ1965 የተጠለፈችው ፍራንካ ቪዮላ ጠላፊዋን አላገባም በማለት በፍርድ ቤት እንዲቀጣ አድርጋለች። ደፋሪን በጋብቻ ከቅጣት ነጻ ያወጣ የነበረው የአገሪቱ ሕግ ድንጋጌ የተሻረው ግን በ1981 ነው። ሞሮኮም ተመሳሳይ ድንጋጌዋን የሰረዘችው በ2014 ነው። በኢትዮጵያ የአርሲዋ ተማሪ ከተጠለፈችበት ጊዜ አንስቶ አዲሱ የወንጀል ሕግ በሥራ ላይ እስከዋለበት ድረስ ዘጠኝ ዓመት ገደማ አልፏል።

ሕገ መንግሥትን የመተርጎም ሥልጣን

ከሁለቱ የአርሲ ጉዳዮች አንዱም ለሕገ መንግሥት ትርጉም አልቀረበም። ይህም በኢትዮጵያ ሕገ መንግሥቱን የመተርጎም ሥልጣን የማን እንደሆነ ማስታወስን ይጠይቃል። በአሜሪካ ፍርድ ቤቶች ከሕገ መንግሥቱ ጋር የሚቃረንን ሕግ ውድቅ የማድረግ ሥልጣናቸው እ.ኤ.አ በ1803 በማርበሪና ማዲሰን ጉዳይ ተረጋግጧል። ጀርመን ለዚሁ ሥራ ራሱን የቻለ የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤት አቋቁማለች። በኢትዮጵያ ግን በአንቀጽ 62 እና 83 መሠረት የመጨረሻው ሥልጣን የፌዴሬሽን ምክር ቤት ነው።

ምክር ቤቱን የሚያግዘው የሕገ መንግሥት ጉዳዮች አጣሪ ጉባኤ 11 አባላት አሉት። እነርሱም የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንትና ምክትል ፕሬዚዳንት፣ ስድስት የሕግ ባለሙያዎችና ከፌዴሬሽን ምክር ቤት አባላት መካከል የሚወከሉ ሦስት ሰዎች ናቸው። ጉባኤው ትርጉም የሚያስፈልገው መሆኑን ካመነ የውሳኔ ሐሳቡን ለምክር ቤቱ ያቀርባል። ትርጉም አያስፈልግም ካለ ጉዳዩን ይመልሳል። በዚህ ቅር የተሰኘ ወገን ለምክር ቤቱ ይግባኝ ማለት ይችላል።

በዚህ ሥርዓት ውስጥ የመንግሥትን ሥልጣንና የዜጎችን መብት የነኩ በርካታ ጉዳዮች ታይተዋል።

በ1992 ዓ.ም ምርጫ በቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል የአካባቢውን ብሔረሰብ ቋንቋ አይችሉም በሚል ከውድድር የተሰረዙ ዕጩዎች ጉዳይ፣ በ1995 ዓ.ም በፌዴሬሽን ምክር ቤት ታይቷል። ምክር ቤቱ ዕጩዎች የክልሉን የሥራ ቋንቋ እንዲያውቁ መጠየቁ ሕገ መንግሥቱን እንደማይቃረን ወስኗል። ነገር ግን የክልሉ የሥራ ቋንቋ አማርኛ ሆኖ ሳለ የብሔረሰቡን ቋንቋ አለማወቅን ምክንያት በማድረግ ዕጩዎችን መሰረዝ ከሕገ መንግሥቱ ጋር የማይጣጣም ሆኖ አግኝቶታል።

በ1996 ዓ.ም ምክር ቤቱ የሸሪዓ ፍርድ ቤት ተከራካሪ ወገን ፈቃዱን ሳይሰጥ የያዘውን የውርስ ጉዳይ መርምሮ፣ በአንቀጽ 34 ንዑስ አንቀጽ 5 መሠረት ያለ ፈቃድ የሚታይ ክርክር ተቀባይነት እንደሌለው ወስኗል። ይህ ውሳኔ ሴቶች በሃይማኖትና በባህል ሕግ ለመዳኘት ወይም ላለመዳኘት ያላቸውን ምርጫ የሚያስጠብቅ በመሆኑ ከአርሲ ጉዳዮች ጋር በመንፈስ ይዛመዳል።

በ1997 ዓ.ም ምርጫ ዋዜማ ምርጫ ቦርድ የአገር ውስጥ ሲቪክ ማኅበራትን ከመታዘብ የከለከለበትን ውሳኔ የፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት ሽሮታል። የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤትም አጽንቶታል። በዚያው ዓመት የምርጫው ዕለት ምሽት ጠቅላይ ሚኒስትሩ በአዲስ አበባና በአካባቢዋ ለአንድ ወር ሰላማዊ ሰልፍን በመከልከላቸው ቅንጅት ለአንድነትና ለዴሞክራሲ ክስ መሥርቶ ነበር። የፌዴራል የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት ግን ጥያቄውን ለአጣሪ ጉባኤ መርቶታል። ጉባኤውም ትእዛዙ ሕገ መንግሥቱን አይጥስም በሚል ዘግቶታል። ሁለቱ ውሳኔዎች በአንድ ዓመት ውስጥ የተሰጡ ቢሆኑም፣ ፍርድ ቤት የአስተዳደር ውሳኔን ራሱ መርምሮ በወሰነበትና ለሌላ አካል ባስተላለፈበት ጊዜ መካከል ያለውን ልዩነት ያሳያሉ።

በ2000 ዓ.ም የሰበር ሰሚ ችሎት በመዝገብ ቁጥር 23632 በሰጠው ውሳኔ ልጁን ለረጅም ዓመታት ያላሳደገ አባት ወላጅ በመሆኑ ብቻ ልጁን ሊረከብ እንደማይችል ወስኗል። ለዚህም በአንቀጽ 36 የተደነገገውን የሕፃኑን ጥቅም የማስቀደም መርህና የሕፃናት መብቶች ኮንቬንሽንን መሠረት አድርጓል። ፍርድ ቤቶች ትርጉም ሳይጠይቁ ሕገ መንግሥቱን በቀጥታ ሊሠሩበት እንደሚችሉ ይህ ውሳኔ ያረጋግጣል።

በ2006 ዓ.ም የቀድሞው የገቢዎችና ጉምሩክ ባለሥልጣን ዋና ዳይሬክተር አቶ መላኩ ፈንታ የሚኒስትር ማዕረግ ስላላቸው ጉዳያቸው በመጀመሪያ ደረጃ በፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ይታይ ወይስ አይታይ የሚለው ጥያቄ ለትርጉም ቀርቧል። የፌዴሬሽን ምክር ቤት የይግባኝ መብትን የሚያሳጣው ድንጋጌ ከሕገ መንግሥቱ ጋር የሚቃረን መሆኑን ወስኗል።

በ2012 ዓ.ም በኮቪድ 19 ወረርሽኝ ምክንያት ምርጫ ሲራዘም የምክር ቤቶችና የአስፈጻሚ አካላት የሥልጣን ዘመን ጉዳይ ለትርጉም ቀርቦ፣ የፌዴሬሽን ምክር ቤት ሰኔ 3 ቀን ውሳኔ ሰጥቷል። በዚያን ጊዜ የአጣሪ ጉባኤው ሰብሳቢ ከ1996ቱ የአርሲ ክርክር ጀምሮ ስማቸው የሚታወቀውና ከ2011 እስከ 2015 ዓ.ም የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት የነበሩት ወይዘሮ መዓዛ አሸናፊ ነበሩ።

ለሕግ አስፈጻሚ አካላት የሚሰጡት ግንዛቤ

ሁለተኛው ጉዳይ የተበላሸው በአንድ ቦታ ብቻ አልነበረም። ከፖሊስ ጣቢያ እስከ ይግባኝ ችሎት የተፈጠሩ ክፍተቶች ተደማምረው መብቱን አሳጥተዋል። በመሆኑም በየደረጃው ለሚገኙ የመንግሥት ሠራተኞችና ኃላፊዎች የሚከተሉትን ነጥቦች ያስታውሳል።

አንደኛ፣ ዋስትና የተጠርጣሪው ሕገ መንግሥታዊ መብት ነው። ሆኖም አንቀጽ 19 ንዑስ አንቀጽ 6 ፍርድ ቤት በሕግ በተደነገጉ ልዩ ሁኔታዎች ዋስትናን እንዲከለክል ወይም በገደብ እንዲፈታ ይፈቅዳል። ተበዳይዋ ዳግመኛ ልትጠቃ የምትችል መሆኗን መርማሪ ፖሊስና ዐቃቤ ሕግ ለችሎቱ ካላስረዱ ዳኛው ገደቡን ሊጥል አይችልም። በሁለተኛው ጉዳይ ዳግመኛው ጠለፋ የተፈጸመው ከዋስትናው በኋላ መሆኑ ሊዘነጋ አይገባም።

ሁለተኛ፣ የዕድሜ ማስረጃ የመብት ማስረጃ ነው። የልደትና የጋብቻ ምዝገባ በአዋጅ ቁጥር 760/2004 ግዴታ ሆኗል። በአግባቡ የተመዘገበ ልደት ያላት ልጅ በችሎት ዕድሜዋ አያከራክርም። ዕድሜዋ ያልደረሰ ልጅ ጋብቻ የማይመዘግብ የቀበሌ ሠራተኛም ወንጀሉን ገና በመነሻው ይገታዋል።

ሦስተኛ፣ የጤና ተቋማት የሚሰጡት የምርመራ ውጤት በወቅቱና በተሟላ መልኩ መቅረብ አለበት። የተፈረመ የጋብቻ ውልም ሆነ የቤተሰብ ዕርቅ የተበዳይዋን ስምምነት አያረጋግጥም።

አራተኛ፣ ሽምግልና በአካባቢው ያለው ዋጋ ከፍተኛ ነው። የኦሮሚያ ክልልም በአዋጅ ቁጥር 240/2013 ለባህላዊ ፍርድ ቤቶች ሕጋዊ ዕውቅና ሰጥቷል። ይሁን እንጂ ሕገ መንግሥቱ ለባህልና ለሃይማኖት ዳኝነት የሰጠው ስፍራ በተከራካሪዎች ፈቃድ ላይ የተመሠረተ ነው። የጠለፋን ወንጀል በዕርቅ ዘግቶ መዝገቡን መመለስ ከሕግ ውጪ ነው።

አምስተኛ፣ ለተበዳዮች የሚቆሙ ማኅበራት የመንግሥት ሥራ አጋዦች ናቸው። የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር እ.ኤ.አ በ2001 በፍትሕ ሚኒስቴር ለአጭር ጊዜ ታግዶ እንደነበር ይታወሳል። እገዳው በዚያው ዓመት ባይነሳ ኖሮ የሁለተኛዋ ልጅ ጉዳይ ከአርሲ አልፎ የሚሄድበት መንገድ ጠባብ በሆነ ነበር።

የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 13 በፌዴራልና በክልል በየትኛውም ደረጃ የሚገኙ የሕግ አውጪ፣ የሕግ አስፈጻሚና የዳኝነት አካላት መሠረታዊ መብቶችን የማክበርና የማስከበር ግዴታ እንዳለባቸው ይደነግጋል። የመጀመሪያዋ የአርሲ ተማሪ ራሷን ለማዳን መሣሪያ ለማንሳት የተገደደችው በአካባቢዋ ይህን ግዴታ የሚወጣላት ባለመኖሩ ነው። ሁለተኛዋ ደግሞ ወደ ፖሊስ ጣቢያ ሄዳ ሕግን ተማምናለች። ሕጉ ዛሬ ከሁለቱም ዘመን ይልቅ የተሟላ ነው። ቀጣይዋ ልጅ ወደ ጣቢያው ስትመጣ የሚጠብቃት ምን እንደሆነ ግን የሚወሰነው በዕለቱ በተረኝነት በሚገኘው ሠራተኛ ነው።